በመስታወት የተለካ እጅ

ቶርኖ ሠራተኛ ነኝ። ሃያ ስምንት ዓመት ብረት ስቆርጥ ኖሬያለሁ፤ አንድ ቀን ከኮምፒዩተር ጋር ጎረቤት እሆናለሁ ብዬ ግን በህልሜም አስቤ አላውቅም። አሁን ከግድግዳዬ ወዲያ፣ ሦስት በአራት በሆነች ክፍል ውስጥ፣ አንዲት ሴት ቁጭ ብላ ሞተር ሳይክል ስትበታትንና ስትገጣጥም ትውላለች፤ ያውም አንድ ቡሎን ሳትፈታ፣ እጇን ቅባት ሳይነካው። ስለሷ ነው ላወራችሁ የፈለግኩት። መሃል ላይ ስለራሴ ከጨመርኩ ታገሱኝ፤ አፌን መያዝ አልሆነልኝም።

ሚሊዬ እላታለሁ። ስሙን ያወጣሁላት እኔው ነኝ። መጀመሪያ ሥራ ይዛ የመጣች ቀን "ቀዳዳው ምን ያህል ይስፋ?" ብዬ በሁለት ጣቴ እያሳየሁ ስጠይቃት "ስድስት ነጥብ ሁለት ሚሊ" አለችኝ። ነጥብ ሁለቷን ከቁም ነገር ሳልቆጥር ወደ ስድስት ተኩል አስጠግቼ ቆረጥኩላት። ሚሊን ከፋፍሎ በሚያነበው መለኪያ፣ በካሊፐር፣ ለካችና መለሰችልኝ። ሁለተኛ ቆረጥኩ፤ አሁንም ለክታ መለሰችልኝ። በሦስተኛው ደሜ ፈልቶ "ነጥብ ሁለት ሚሊ ማለት እኮ የወረቀት ውፍረት ነው፤ ሞተር ላይ ነው የሚገጠመው ወይስ ደብተር ላይ?" ብዬ ጮህኩባት። ሳትቆጣ አንድ ቡሎን ከኪሷ አወጣችና በቀዳዳው ውስጥ አሳለፈችው። ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ። "ይሄ መንገድ ላይ ሲሄድ ሌሊትና ቀን እንዲህ ይላል ጋሼ" አለችኝ። አራተኛውን ልክ አድርጌ ቆረጥኩላት። እንዲህ ነው የተዋወቅነው።

ድሮ የቤት ዕቃ ከሚሠራ ድርጅት ቁም ሳጥን ትስል ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በርና መሳቢያ ብቻ። ድርጅቱ ሲዘጋ ኮምፒዩተሩን በስንብት ክፍያ ፈንታ ሰጥተው አሰናበቷት። ታናሽ ወንድሟ ሞተረኛ ነው፤ ለዕቃ አድራሽ ድርጅት ነው የሚሠራው። ቤት መዋሏ ከንክኖት "እታለም፣ መሪው ላይ ስልኬን የሚይዝልኝ ነገር ሳዪልኝ" አላት። ሳለችለት። የሥራ ጓደኞቹ አዩና ለኛም አሉ። ከስልክ መያዣው ወደ ዕቃ መጫኛው፣ ከዚያ ወደ እግር መርገጫው፣ ወደ ሰሌዳ ማሰሪያው ተሻገረች። እኔ ግቢ ውስጥ ክፍሏን ስትከራይ ሥራው ከሷ አልፎ እኔንም ሥራ ፈት ከመሆን አድኖኝ ነበር፤ ይህን ግን ለሷ ነግሬያት አላውቅም።

የምትሠራበትን ሶፍትዌር ስም ስጠይቃት "ካድ ነው" አለችኝ።

"ምኑን ነው የምክደው? ምን አጠፋሁ?"

"አይ ጋሼ፣ ስሙ ነው። ካድ ነው የሚባለው።"

"ስም አጥተው ነው?" አልኳት። ከዚያ ወዲህ ክፍሏ በር ላይ ስደርስ "ዛሬስ ምን ካድሽ?" ሳልል ገብቼ አላውቅም። ቀልዱ ካለቀበት ቆይቷል፤ እኔ ግን አልተውኩትም።

ሥራው ሲታይ ግን ቀልድ አይደለም። የተሰበረውን ወይም የሚቀየረውን ዕቃ ታስቀምጥና በካሊፐር እየለካች መስመሩን ትስላለች፤ ለመስመሩ ውፍረት ትሰጠዋለች፤ ቀዳዳውን ትቀዳለች። ከዚያ ስክሪኑ ላይ በአየር ላይ የተንጠለጠለ ዕቃ ይሆንና ወደፈለገችው ታዞረዋለች። ከሞተሩ አካል ጋር አገጣጥማ የሚጋጭ ነገር ካለ ገና ብረቱ ሳይነካ ታውቃለች። እኔ ስህተቴን የማውቀው ብረቱ ከተበላሸ በኋላ ነው። ቅናት ቢጤ ያዘኝ ብል አልዋሸሁም።

ደንበኞቿ ደግሞ ጉድ ናቸው። አንዱ ወፍራም ዳቦ ጋጋሪ መርገጫው ስለጠበበው ሰፋ እንዲልለት መጣ፤ ለክታው ስትጨርስ "እግሬን ነው የለካሽው ወይስ ሆዴን?" አላት። ሌላው ሞተሩ መቶ ሃያ አምስት ሲሲ፣ ምኞቱ ግን ሺህ ነው፤ የፊት መብራቱ ላይ የንስር ፊት ይሠራልኝ ብሎ ሦስት ቀን አመላልሷታል። ሁሉንም በትዕግሥት ታስተናግዳለች። አንድ ነገር ብቻ አታደርግም፤ ሞተር ላይ አትወጣም። ሙሉ ቀን ስለ ሞተር ስታስብ የምትውል ሴት ወደ ቤቷ የምትሄደው በእግሯ ነው።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ወንድሟ ቤታቸው ግቢ ውስጥ ሞተሩን በመሃል መቆሚያው አቁሞ ጎማውን የሚያዞረውን ካቴና በጨርቅ ይጠርግ ነበር። የኋላው ጎማ ከመሬት ከፍ ብሏል። በእጅ እያዞሩ መጥረጉ ሲያሰለቸው እህቱን ጠራት። "ውጪበትና አስነሺልኝ፤ አንደኛ ማርሽ አስገቢና ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገሽ ልቀቂው" አላት። ጎማው በራሱ እንዲዞርለት ነው። ብዙ ሞተረኛ ያደርገዋል፤ ሞኝነት መሆኑንም ሁሉም ያውቃል። ለቀቀችው። ካቴናው ጨርቁን ያዘ፤ ጨርቁ ደግሞ እጁን።

ሞተሩን ያጠፋችው እሷ ናት። የግራ እጁ ሌባ ጣትና መሃል ጣት አልተረፉም። ሰው ሁሉ "ያንቺ ጥፋት አይደለም" አላት፤ እኔም ብያታለሁ። አንገቷን ነቅንቃ ትሰማና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። መጀመሪያ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ ነበር፤ ከፋሻው በኋላ ጥቁር የቆዳ ጓንት አደረገ፤ ባዶዎቹን ሁለት ጣቶች በጥጥ ሞላቸው። ከሩቅ ላየው ሙሉ እጅ ነው። እሷ ፊት ጓንቱን አውልቆ አያውቅም፤ አብረው ሲበሉ እንኳ ግራ እጁ ጠረጴዛ ስር ነው። እኔ ኩራት ነው ብዬ ነበር። ወጣት ነው፣ መልከ መልካም ነው፤ ቢያፍርበት አይፈረድበትም ብዬ ትቼው ነበር።

ድርጅቱ አላባረረውም፤ መጋዘን ውስጥ አስቀምጦ ካርቶን ላይ አድራሻ ያስለጥፈዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሎች ይዘውት የሚወጡትን ዕቃ ሲለጥፍ ኖረ። ቀናሁ ብሎ ባይናገርም፣ ሞተሮቹ ጠዋት ጠዋት ተራ በተራ ሲወጡ ዞር ብሎ እንደሚቆም ሰምቻለሁ። ባለፈው ወር አዲስ ኃላፊ መጣች። ሰውን በሥራው የምታይ ሴት ናት። "መንዳት ትችላለህ?" አለችው። "እችላለሁ" አላት። "ከሚቀጥለው ሳምንት በኋላ ባለው ዓርብ ትፈተናለህ። ካለፍክ የድሮ መስመርህ ያንተ ነው። ካልሆነ ሌላ ሰው እቀጥርበታለሁ፤ ከዚያ በኋላ ቦታ የለኝም።"

ጭንቁ ፍሪሲዮኑ ነው። ፍሪሲዮን ሞተሩን ከጎማው የሚያለያየው ነው፤ በግራ እጅ፣ በተለይ በነዚያው በሌሉት ሁለት ጣቶች የሚሳብ እጀታ አለው። በደንብ ካልተሳበ ማርሽ አይገባም፤ ቀስ ተብሎ ካልተለቀቀ ሞተሩ ይዘልና ይጠፋል። በቀሩት በቀለበት ጣትና በትንሿ ጣት የሚሳብ፣ ቅርጹ የተለየ እጀታ ያስፈልገዋል። ሱቅ ውስጥ እንዲህ ያለ አይሸጥም። እሱም ለእህቱ ነገራት፤ እሷም "ተወው ለኔ" አለችው። የዛን ቀን ፊቷ ላይ ያየሁትን ተስፋ ከዚያ በፊት አይቼባት አላውቅም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠራችኝ። ስክሪኑ ላይ ግራጫ የሰው እጅ አለ፤ ጣቱ፣ አንጓው፣ ሁሉ ነገሩ። ምሳ ሲበሉ የወንድሟን ቀኝ እጅ ተቀብላ እያንዳንዷን አንጓ ለክታዋለች። "አሁን ይመልከቱ ጋሼ" አለችና መስታወት የሚሉትን ትእዛዝ ተጫነች። ቀኝ እጅ የነበረው ዞሮ ግራ ሆነ። ሌላ ቁልፍ ተጫነች፤ ሌባ ጣትና መሃል ጣት ጠፉ። ድምፅ እንኳ አላሰሙም።

"ግራውን ለምን አልለካሽውም?" አልኳት።

"ያው ነው። የሰው ቀኝና ግራ አንድ ነው" አለችኝ፤ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ።

ሳልለካ ብረት ቆርጬ አላውቅም እያልኩ ለሰው ሁሉ የምደነፋው ሰውዬ፣ ያን ጊዜ ዝም አልኩ። ይህን ጥፋት የኔ ብዬ ነው የምቆጥረው።

እጀታውን ከአልሙኒየም ቆረጥኩት። ሃያ ስምንት ዓመት ከሠራሁት ሁሉ ያማረ ነበር፤ ጫፉ ወደ መጨበጫው ጎንበስ ያለ፣ ለሁለቱ ጣቶች ማረፊያ የተበጀለት። ገጠምነው። ሞተረኛው ጓንቱን እንዳደረገ ወጣ፤ አስነሳ፤ ማርሽ አስገባ፤ ለቀቀ። ሞተሩ እንደ ፍየል ዘሎ ጠፋ። ደገመው፤ ጠፋ። በሦስተኛው ተንደርድሮ የብረት ቁርጥራጭ የማጠራቅምበትን በርሜሌን ገለበጠው።

"አሪፍ ነው እታለም" አላት፣ ከበርሜሉ ላይ እየተነሳ። "ችግሩ ከኔ ነው። እጄ እስኪለምድ ነው።"

ክፍሏ ገባችና ቁጥር ታሳድድ ጀመር። ከፍሪሲዮኑ የሚመጣው ሽቦ የሚያያዝበትን የእጀታውን ቀዳዳ በሁለት ሚሊ ወደ ማጠፊያው አስጠጋችው፤ ሲሳብ ቀለለ፣ ነገር ግን ሽቦውን በበቂ ስለማይስበው ሞተሩ ፍሪሲዮን ተይዞም ወደፊት ይንፏቀቃል። በአንድ ሚሊ መለሰችው፤ ጫፉን ይበልጥ ጎንበስ አደረገችው፤ ሌላ ቆረጥኩ። ያም አልሆነም። ስክሪኑ ላይ ያለው ግራጫ እጅ ግን ሁሌ ይሳካለታል፤ እጀታውን ሳብ ለቀቅ፣ ሳብ ለቀቅ ያደርጋል።

እሮብ ከሰዓት በኋላ "አራተኛውን ይቁረጡልኝ" ብላ መጣች። ፈተናው ዓርብ ጠዋት ነው። ማሽኑን አጠፋሁት።

"አልቆርጥም።"

"ለምን ጋሼ? ምን አጠፋሁ?"

እጇን ይዤ ወደ ክፍሏ መለስኳትና ስክሪኑን አሳየኋት። "ይሄ የማን እጅ ነው?"

"የሱ ነዋ።"

"የሱ ቀኝ እጅ ነው። ግራው ሌላ ነው። አንድ ቀን አይተሽዋል? አንድ ቀን?" እኔ ደግሞ አንዴ ከጀመርኩ ማቆም አላውቅበትም። "ካድ ስላለሽ ካድሽ እንዴ?"

ከአፌ እንደወጣ ቆጨኝ። ሁለት ዓመት ስቀልድበት የኖርኩት ቃል ነው፤ እንደዚህ ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም። ወንበሯ ላይ ቁጭ አለችና ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አደረገች።

"ማየት አልችልም ጋሼ" አለች። "ሌላ ሁሉ እችላለሁ። እሱን ማየት አልችልም።"

በሩ ላይ ቆሜ ሳለሁ ሞተረኛው ከሥራ መጣ። ጓንቱ እጁ ላይ ነው። ንዴቴን የማሳርፍበት ሰው ሳገኝ አፌ ቀደመኝ።

"አንተም ደግሞ! ኩራትህን ለዓርብ ብቻ እንኳ ብትተወው ምን አለበት? እጅህን ደብቀህ እንዴት አድርጋ ነው የምትሠራልህ?"

"ኩራት?" አለኝ። እኔን ትቶ እህቱን አየ። እሷ አቀርቅራለች። ጓንቱን ይዞ ሳበው፤ ጥጡ አብሮ ወጣ። እጁን የኮምፒዩተሯ ቁልፍ አጠገብ፣ መብራቱ ስር አስቀመጠው።

"ጋሼ፣ መጋዘን ውስጥ ጓንት አድርጌ አላውቅም" አለ። "እዚያ ሁሉም ሰው አይቶታል፤ በላዩ ይቀልዱበታል፣ እኔም እቀልዳለሁ። ጓንቱን የማጠልቀው ቤት በር ላይ ስደርስና እዚህ ስመጣ ነው። የደበቅኩት ከሷ ነው።"

ሁለት ዓመት ሙሉ ልጁን በልቤ ስወቅሰው ኖሬያለሁ። ኀፍረት ገደለኝ።

"ፍሪሲዮኑን የለቀቅኩት እኔ ነኝ" አለች ሚሊዬ።

"ልቀቂ ያልኩሽ እኔ ነኝ።"

"ቀስ በይ ብለኸኝ ነበር።"

"ቀስ ብለሻል። እኔ ነኝ ጨርቅ የያዝኩት። እጄ ያን ያህል አላመመኝም እታለም፤ ያመመኝ ጩኸትሽ ነው። ይሄን ብታዪው ደግመሽ እንዳትጮኺ ብዬ ነው።"

ቀና ብላ እጁን አየችው። አልጮኸችም፤ እንባዋ ግን ዝም ብሎ ይወርድ ጀመር።

"ይኸው እያለቀስኩ ነው" አለችው።

"እያለቀስሽ ለኪያ! ዓርብ እኮ ደረሰ።"

ሳቅ አፈነኝ፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ካሊፐሩን አነሳች። እርሳስ ፈልጌ የምታነባቸውን ቁጥሮች እጽፍላት ጀመር። መጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ላይ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከሦስተኛው በኋላ የለመድኩት ድምፅዋ ተመለሰ። ነጥብ ሁለቱንም ነጥብ ሦስቱንም አንድ ሳልተው ጻፍኩ።

እጁ የቀኙ መስታወት አልነበረም። መዳፉ በሰባት ሚሊ ጠብቧል። የቀለበት ጣቱ መሃል አንጓው ላይ ደርቆ አይታጠፍም፤ በትንሹ ወደ ውስጥ ዘምሟል። ትንሿ ጣት ደግሞ የአራቱን ሥራ ብቻዋን ስትሠራ ከርማ ጠንክራለች። እሷ ግን እጀታውን የሠራችው የቀለበት ጣቱ ታጥፎ እንዲስብ ነው፤ የማይታጠፍ ጣት። ልጁም ይህን እያወቀ ችግሩ ከኔ ነው ይል ነበር።

ከዚያ እኔ ያላሰብኩትን አደረገች። ዱቄት በውሃ ለውሳ ጠንከር ያለ ሊጥ ሠራችና የድሮው እጀታ ላይ ለጠፈችው። "ሞተሩ ላይ እንዳለህ አድርገህ ሳበው" አለችው። ሳበ። "እንደሚመችህ እንጂ እኔን ደስ እንዲለኝ አይደለም" አለችው። እንደገና ሳበ፤ ሊጡ ላይ የእጁ ቅርጽ ቀረ። ደረቁ ጣት ሊስብ ሳይሆን ከላይ ሊጫን እንደሚፈልግ፣ የምትስበው ትንሿ ጣት እንደሆነች ሊጡ ላይ ታየ። ቅርጹን እየለካች፣ "እዚህ ጋ ስጫነው ያማል?" እያለች እየጠየቀችው፣ እሱም "አያምም" ወይም "ትንሽ" እያለ፣ አዲሱን እጀታ ስክሪኑ ላይ አብረው አወጡት። የተገላበጠውን ግራጫ እጅ ሠርዛ ጣለችው። እኔ ወደ ማሽኔ ተመለስኩ፤ እዚያ መካከል የሚያስፈልግ ሰው አልነበርኩም።

ሐሙስ ሙሉ ቀን ቆረጥኩ። መልኩ አያምርም፤ ለትንሿ ጣት መንጠቆ ያለው፣ ለደረቁ ጣት ከላይ ምንቸት ክዳን የመሰለ ማረፊያ ያለው፣ ጎባጣ ነገር ነው። ጠርዙን በሞረድ አለሰለስኩት። ማታ ላይ ግቢው ውስጥ ሁለት ዙር ዞረ፤ አንዴም አልጠፋበትም፤ ግን ግቢ ግቢ ነው።

ዓርብ ጠዋት የመጋዘኑ ጀርባ ተገኘን። ኃላፊዋ ፎርሟን ይዛ ቆማለች። መጀመሪያ መሬት ላይ በተደረደሩት የፕላስቲክ ኮኖች መካከል ቀስ ብሎ አለፈ። ቀጥሎ መጋዘኑ ዕቃ የሚያስጭንበት ዳገት ላይ አሥር ጊዜ ቆሞ አሥር ጊዜ መነሳት አለበት፤ ወደኋላ ሳይንሸራተት፣ ሳያጠፋ። ሚሊዬ እጅጌዬን ጨምድዳ ይዛ ትቆጥራለች። አንድ፣ ሁለት። በሰባተኛው ሞተሩ አስነጠሰ፤ ጎማው ወደኋላ ሊል ሲል ትንሿ ጣቱ ስትቆለመም ከቆምኩበት አየኋት፤ ሞተሩ ተንቀጠቀጠና ነፍስ ዘራ። እጅጌዬ ተቀደደ። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር።

ኃላፊዋ ፎርሙ ላይ ምልክት አደረገች፤ ከዚያ "አልፏል" አለች። መሬቱን ልስም ምንም አልቀረኝ። እሷ ግን ወረቀቱን ገለበጠችና ወደኛ መጣች።

"ሞተሩ ማሻሻያ ስለተደረገበት ፊርማ ያስፈልጋል" አለች። "ለዚህ እጀታ ተጠያቂው ማነው?"

ሚሊዬ ለሁለት ዓመት ማንም ሳይላት ለራሷ ስትለው የኖረችው ይህንኑ ነው። እንዳትሰማው ብዬ "የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ እኔ ልፈርም" ልል አፌን ስከፍት፣ እሷ እጅጌዬን ለቃ ወደፊት ሄዳለች።

"እኔ ነኝ" አለች። "ተጠያቂዋ እኔ ነኝ።"

"ምኑ ነሽ?" አለቻት ኃላፊዋ፣ ብዕሯን ፎርሙ ላይ አሳርፋ።

ሞተረኛው ገና ከሞተሩ አልወረደም። "ግራ እጄ ናት ብለሽ ጻፊው" አላት።

ኃላፊዋ ቀና አለች። "ቀኝ እጄ ሲባል ነው እኔ የምሰማው።"

"ቀኙማ አለኝ" አላት።

ኃላፊዋ ሳቀችና "እኅት" ብላ ጻፈች። ሚሊዬም ሳቀች፤ እየሳቀች አለቀሰች፤ እያለቀሰች ፈረመች፤ ወረቀቱ ላይ ጠብ ያለውን በመዳፏ ጠረገችና መለሰችላት።